ዲስኩ ሞላ ይላል፤ የቱ ነው የሞላው?

ደሴ ፒያሳ ያለ ፎቶ ቤትም ይሁን ኮምቦልቻ ያለ የመጋዘን ሰርቨር፣ ሊኑክስ የጫነ ሰው እሮሮው አንድ ነው፦ «ቦታ የለም አለኝ»። አብሽር። ዝም ብለህ መሰረዝ ግን አትጀምር። መጀመሪያ ተርሚናል ላይ «ዲኤፍ -ኤች» ብለህ የትኛው ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) እንደሞላ እይ። መድኃኒቱ እንደ ቦታው ይለያያል።

ሩቱ ሞልቶ ሆም ባዶ ከሆነ

ሲጫን ሲስተሙ ለሚቀመጥበት ሩት ለምሳሌ 20 ጊጋ ብቻ ተሰጥቶ የቀረው ሁሉ የተጠቃሚው ፋይል ለሚቀመጥበት ሆም ሄዷል ማለት ነው። ሰርቨር ላይ የሚያድገው ደግሞ ሆም አይደለም፣ ቫር ነው። ሎጉ (የሲስተሙ የውሎ መዝገብ)፣ ዳታቤዙ፣ የዶከር ኢሜጁ ሁሉ እዚያ ነው የሚከማቸው። ለጊዜው «ጆርናልሲቲኤል --ቫኪዩም-ሳይዝ=200ኤም» እና «አፕት ክሊን» የቆየ ሎግና የወረዱ የመጫኛ ፋይሎችን አጽድተው ያስተነፍሱሃል። ዘላቂው መፍትሄ ግን ቫርን ለብቻው ፓርቲሽን መስጠት ነው። ኤልቪኤም (የዲስክ ክፍሎችን በኋላ ለማስፋት የሚያስችል አሠራር) ላይ ከሆንክና ያልተመደበ ቦታ ካለህ «ኤልቪኤክስቴንድ -አር» ሲስተሙን ሳታጠፋ ያሰፋልሃል።

ቡት (ማሽኑ ሲነሳ የሚያነበው ክፍል) ብቻ ከሞላ ያረጁ ከርነሎች (የሊኑክስ እምብርት የቀድሞ ቅጂዎች) ናቸው፤ «አፕት አውቶሪሙቭ» በል፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

ቦታ እያለ «ቦታ የለም» ካለ

«ዲኤፍ -አይ» በል። አይኖድ (እያንዳንዱ ፋይል አንድ አንድ የሚይዘው መዝገብ) አልቆ ይሆናል። ኢኤክስቲ4 (የተለመደው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም) ፎርማት ሲደረግ አብዛኛውን ጊዜ ለየ16 ኪሎባይቱ አንድ አይኖድ ይመድባል፣ ስለዚህ ሚሊዮን ጥቃቅን ፋይል፣ ለምሳሌ የዌብሳይት ሴሽን ወይም የፎቶ ናሙና፣ ጊጋው ሳያልቅ አይኖዱን ይጨርሰዋል። ጥቃቅኑን ማጽዳት ነው። እንዲህ ዓይነት ሥራ እንደሚኖርህ ካወቅክ መጀመሪያውኑ ፎርማት ስታደርግ የአይኖዱን ቁጥር ከፍ አድርገው።

ትልቅ ሎግ ሰርዘህ ቦታው ካልተመለሰ ደግሞ ፋይሉን የከፈተው ፕሮግራም አልለቀቀውም። «ኤልሶፍ +ኤል1» ማን እንደያዘው ያሳይሃል፤ እሱን ሪስታርት አድርግ።

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ

እኛ ጋ ብዙ ሰው የሚያስለቅሰው ይሄ ነው። የሰርግ ሰሞን ነው እንበል፣ ፎቶ ቤቱ በየሌሊቱ ወደ ውጫዊ ዲስክ ባክአፕ ያደርጋል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ዲስኩ በሰዓቱ አልተነሳም። ያኔ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ማሽኑ 90 ሰከንድ ጠብቆ ኢመርጀንሲ ሞድ ላይ ይቆማል፣ ምክንያቱም ኤፍስታብ (ሲነሳ የሚገናኙት ዲስኮች ዝርዝር) ዲስኩን ግዴታ አድርጎ ጽፎታል፤ መስመሩ ላይ «ኖፌይል» ጨምር፣ ዲስኩንም በዩዩአይዲ (በቋሚ መለያ ቁጥሩ) ጥራው እንጂ ኤስዲቢ በሚለው ስም አትጥራው፣ ስሙ ሊቀያየር ይችላልና።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ማሽኑ ደህና ይነሳል፣ ዲስኩ ግን ማውንት አልሆነም (ከፎልደሩ ጋር አልተገናኘም)፣ የባክአፕ ስክሪፕቱም ምንም ሳይጠይቅ ባዶው ፎልደር ውስጥ፣ ማለትም ሩቱ ላይ፣ መጻፍ ይቀጥላል። ጠዋት ዲስኩን ማውንት ስታደርግ የተጻፈው ሁሉ ምንጣፍ ስር እንደገባ ይደበቃል። «ዲኤፍ» ሩቱ ሞልቷል ይላል፣ የፎልደሮችን መጠን የሚቆጥረው «ዲዩ» ግን ፋይሉን አያገኘውም። አንማውንት አድርገህ ፎልደሩን ክፈት፣ እዚያው ታገኘዋለህ። እንዳይደገም ዲስኩ ሳይገባ ባዶውን ፎልደር በ«ቻትር +አይ» ቆልፈው፣ ስክሪፕቱም ከመጻፉ በፊት ዲስኩ መግባቱን በ«ማውንትፖይንት» ያጣራ።

አዲስ ስትጭን

ለላፕቶፕ ሩትና ሆም ይበቃሉ፤ ፓርቲሽን ማብዛት ትርፉ ድካም ነው። ለሰርቨር ሩት፣ ቫርና የዳታው ቦታ ለየብቻ ይሁኑ። ኤልቪኤም ተጠቀም፣ ዲስኩንም በሙሉ አታከፋፍል፣ የተወሰነውን ሳትመድብ ተወው። ኢኤክስቲ4 እየሠራ ይሰፋል፤ ለማጥበብ ግን አንማውንት መደረግ አለበት። ኤክስኤፍኤስ የሚባለውን ሌላ ፋይል ሲስተም ከመረጥክ ማጥበቡን እርሳው፣ ከትንሽ ጀምረህ እያሰፋህ ሂድ።