ፍላሽ ዲስክ ይዞት የመጣውን ቫይረስ ስለ ማጽዳት
በደብረ ብርሃንም ሆነ በሸዋ ሮቢት ፎቶ ኮፒ ቤት ሰነድ ያሳተማችሁበት ፍላሽ ዲስክ ቤት ስትከፍቱት በፋይሎቻችሁ ምትክ ሾርትከት (ወደ ፋይል የሚወስድ አቋራጭ ምልክት) ብቻ ካሳያችሁ፣ ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ የተደበቁ እንጂ የጠፉ ስላልሆኑ ፎርማት ለማድረግ (ፍላሹን ሙሉ በሙሉ ለመደምሰስ) አትቸኩሉ፤ ሾርትከቱንም በፍጹም አትክፈቱ። ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር አብሮ የሚመጣውን ዲፌንደር የተባለ ጸረ ቫይረስ በኢንተርኔት አድሳችሁ «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን ብትመርጡ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሣና ዊንዶውስ ከመከፈቱ በፊት ስለሚፈተሽ፣ በሥራ ላይ ሳለ የሚሸሸገው ቫይረስ ጭምር ሊያዝ ይችላል፤ የሚወስደውም 15 ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ ፍላሹን ለብቻው ስካን አድርጉት። ሰላይ ሶፍትዌር ከተገኘ ግን ማጽዳቱ ብቻውን አይበቃም፤ ብዙዎች ይዘነጉታል እንጂ፣ የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃላችሁንም ንጹሕ መሆኑን ከምታውቁት ሌላ መሣሪያ ላይ ወዲያውኑ ቀይሩ።