የዶሮ የእግር እከክ፦ ማጠብ፣ መቀባት፣ መታገስ

የጤነኛ ዶሮ እግር ልሙጥ ነው፤ ቅርፊቶቹ እንደ ጣሪያ ክዳን ተደራርበው ተኝተዋል። የቅርፊቶቹ ጠርዝ ከፍ ከፍ ብሎ በመሃላቸው ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ከታየ፣ እግሩም ከቀድሞው እየወፈረ ከመጣ እከክ ገብቷል ማለት ነው። ያረጀች ዶሮ እግሯ ሊሻክር ይችላል፤ ነገር ግን ቅርፊቷ አይነሳም፣ ዱቄትም አይወጣውም። ሕመሙ ሲጠና ቅርፊቱ ወደ ወፍራም ንጣፍ ይለወጣል፣ ዶሮዋ ታነክሳለች፣ ከዚያም ሲያልፍ ጣት እስከ መቆረጥ ይደርሳል።

ይህን የሚያመጣው ክኔሚዶኮፕተስ ሙታንስ የሚባል፣ ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ተባይ ነው። ከቅርፊቱ ሥር እየቦረቦረ ይገባና እዚያው ይራባል። ለቅማል የሚነሰነሰው ዱቄት የማይሠራበትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ተባዩ ያለበት ቦታ አይደርስም። እዚያ ድረስ ዘልቆ አየር የሚያሳጣው ቅባት ነው።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ለብ ያለ ውሃ የያዘ ባልዲ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ፎጣ፣ ቫዝሊን ወይም 10 በመቶ ድኝ ያለበት ቅባት። የድኝ ቅባት ከተገኘ እሱ ይመረጣል፤ ቫዝሊን ተባዩን የሚገድለው በማፈን ብቻ ሲሆን ድኝ ግን በራሱም ይገድላል። የምግብ ዘይትም ይሠራል፤ ችግሩ ቶሎ መድረቁና ደጋግሞ መቀባት መፈለጉ ነው።

እጥበቱ ጠዋት ይሁን፤ ዶሮዋ እግሯ ርጥብ እንደሆነ ብርድ ላይ እንዳታድር። ክንፎቿን ከሰውነቷ ጋር አጥብቀው ይያዙና ሁለቱንም እግሮች ላባው እስከሚጀምርበት ድረስ በሳሙናው ውሃ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይንከሩ። ከዚያ ከላይ ወደ ጣቶቹ አቅጣጫ ብቻ በዝግታ ይቦርሹ። ወደ ላይ መቦረሽ ቅርፊቱን ይገነጥላል። በራሱ የላላው ይርገፍ፤ ያልላላውን በጥፍር መፈልቀቅ ትልቁ ስህተት ነው፣ ሥሩ ያለው ሥጋ ይደማና ቁስሉ ያመረቅዛል። ወፍራሙ ንጣፍ በአንድ ቀን አይለቅም፣ መልቀቅም የለበትም።

እግሩን በፎጣ ካደረቁ በኋላ ቅባቱን በጣት እያሹ በየቅርፊቱ ጠርዝ ሥር እንዲገባ ያድርጉ፣ የጣቶቹን መሃል ሳይረሱ። ስስ ሆኖ በደንብ የታሸ ቅባት በወፍራሙ ከተለደፈው ይበልጣል። የተረፈው ዶሮዋ ስትቀመጥ የሆዷን ላባ ያጨማልቃል፤ እንቁላል የታቀፈች ከሆነችም ቅባቱ የእንቁላሉን ቀዳዳዎች ደፍኖ ጫጩቱን ያፍነዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየሦስት ቀኑ፣ ከዚያ በኋላ ቅርፊቱ እስኪተኛ ድረስ በሳምንት አንዴ ይቀቡ። እጥበቱን በየጊዜው መድገም ግድ አይደለም። ምሽት ላይ ቆጥ ላይ ሳሉ አንድ በአንድ እየያዙ መቀባት ይበቃል፤ በጨለማ ዶሮ አትታገልም። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፦ ከአንድ ሳምንት በኋላ እግሩ ትንሽ ሲሻለው ይተወዋል፣ ከሥር የተረፉት ተባዮች ይራባሉ፣ በወሩ ሁሉም ነገር ወደነበረበት ይመለሳል። በሌላ በኩል፣ ተባዩ ሞቶም የተበላሸው ቅርፊት ወዲያው አይስተካከልም፤ ዶሮዋ ቅርፊቷን እስክትለውጥ ብዙ ወራት ሊፈጅ ይችላል። የመዳን ምልክቱ አዲስ ዱቄት አለመታየቱና እብጠቱ መቀነሱ ነው።

ላምባ፣ ናፍጣና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተባዩን ይገድላሉ እየተባለ ይመከራል። ይገድሉ ይሆናል፤ ግን ቆዳውን ያቃጥላሉ፣ ዶሮዋም ላባዋን ስትለቅም ትውጣቸዋለች። አይጠቀሙ።

ዶሮዋ መርገጥ ካቃታት ወይም ቅባቱ ለወር ያህል ተሞክሮ ካልሠራ አይቨርሜክቲን የሚባል የተባይ መድኃኒት አለ፤ ያን ግን የእንስሳት ሐኪም ይዘዘው። የተለመደው መጠን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.2 ሚሊ ግራም ነው። ለከብት ከሚሸጠው 1 በመቶ መርፌ ለሁለት ኪሎ ዶሮ የሚደርሳት 0.04 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ በግምት የሚሰጥ ሰው በቀላሉ እጥፍ ይሰጣል። በብዙ አገሮች እንቁላላቸው ለሚበላ ዶሮዎች አልተፈቀደም፤ እንቁላሉ ለምን ያህል ጊዜ እንደማይበላ ሐኪሙን ይጠይቁ።

አንዷ ከታመመች ሁሉም ይቀቡ፣ ጤነኛ የሚመስሉትም ጭምር። ተባዩ ከእግር ወደ እግር ቀስ ብሎ ስለሚተላለፍ ምልክቱ እስኪታይ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። እናት ለጫጩቶቿ ታወርሳለች። እንደ ብራህማ፣ ኮቺንና ሲልኪ ያሉ እግራቸው ላባ የለበሰ ዝርያዎች ላባው ስለሚሸፍነው ዘግይቶ ይታወቅባቸዋል፤ ላባውን በጣት እየገለጡ ይመልከቱ። በዚያው ሰሞን ጉዝጓዙን አውጥተው ይጣሉ፣ ቆጡን ፍቀው በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠቡ፣ ሲደርቅ ስንጥቆቹን በዘይት ያርሱ። አዲስ የሚገባ ዶሮ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ለብቻው ይቆይ፤ ከመቀላቀሉ በፊትም የእግሩን ቅርፊት በአውራ ጣት ከታች ወደ ላይ ቀስ አድርገው ይዳብሱ፣ ጠርዙ ጣት ላይ ከያዘ ከመንጋው ሳይቀላቀል ቅባቱን ይጀምሩ።