የምሽት ቅኝት፦ ሴቶች የሚያስፈራቸውን መንገድ እንዴት መዝግበው ያስለውጣሉ?

"ሲመሽ በዚያ በኩል አትሂጂ።" ይህን ምክር ሳትሰማ ያደገች ከተሜ ሴት የለችም ብል አላጋነንኩም። በቅን ልብ የሚሰጥ ምክር ነው፤ ግን ውሎ አድሮ ከተማውን ያጠብባታል። መንገዱ እንዳለ ይቀራል፣ ዞራ የምትሄደው እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1989 በካናዳ ቶሮንቶ ሜትራክ የተባለ ድርጅት ጥያቄውን ገለበጠው፤ ሴቷን "ለምን በዚያ ሄድሽ?" ከማለት ይልቅ ቦታው ለምን እንደሚያስፈራ መጠየቅ ጀመረ። የሴቶች የደህንነት ቅኝት የሚባለው፣ ሴቶች አንድን መንገድ አብረው እየሄዱ የሚያስፈራቸውን የሚመዘግቡበት አሠራር የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ጥቂት ሴቶች፣ እርሳስና ወረቀት፣ አንድ ምሽት ይበቃል።

መጀመሪያ፣ አብረዋችሁ የሚሄዱትን ምረጡ

አምስት ስድስት ሴቶች በቂ ናቸው፤ ዋናው ቁም ነገር የማይመሳሰሉ መሆናቸው ነው። የማታ ፈረቃ ሠርታ የምትገባ፣ ተማሪ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ በዕድሜ የገፉ እናት፣ በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀስ ሴት ብትኖሩ እያንዳንዷ ሌላዋ ያላየችውን ታያለች። ማየት የተሳናት ሴት ካለች ደግሞ ከኋላ የሚመጣ ኮቴ በጫጫታ የሚዋጥበትን ቦታ ከሁላችሁ ቀድማ ትነግራችኋለች። ማንንም የደረሰባትን እንድትናገር አታስገድዱ።

ሁለተኛ፣ አንድ መስመር ብቻ ያዙ

ሰፈሩን በሙሉ ላዳርስ ያለ ቡድን መሃል ላይ ይደክመዋል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ መኖሪያ ቤቶቹ ያለውን መንገድ ውሰዱ። የትኛውን መንገድ እንደምትመርጡ ካልታወቃችሁ ሴቶቹን "ሲመሽ ዞረሽ የምትሄጂው የት ጋ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ቶሎ ይገኛል።

ሦስተኛ፣ በቀን እዩት፣ በማታ ሂዱበት

በቀን አንድ ጊዜ ተመላለሱበት፣ ከዚያ ሴቶች ከሥራና ከትምህርት በሚመለሱበት ሰዓት ሂዱ። ልዩነቱ የሚገርም ነው። በቀን "እዚህ ጋ መብራት አለ" ብላችሁ የመዘገባችሁት ምሰሶ በማታ ስታዩት አምፖሉ በርቷል፣ ግን የዛፍ ቅርንጫፍ ውስጥ ገብቶ ቅጠሉን ብቻ ያበራል፤ እግረኛዋ ከሥሩ በጨለማ ታልፋለች። ማመልከቻ ብታስገቡ "መብራቱ ይሠራል" የሚል መልስ ይመጣላችኋል፣ ሐሰትም አይደለም። ይህን የምታውቀው በሥሩ ያለፈችው ሴት ናት።

እየቆማችሁ ጠይቁ። ከ25 እርምጃ ርቀት የሚመጣን ሰው ፊት መለየት ይቻላል? ከማዕዘኑ በስተጀርባ ያለው ይታያል? ብትጮኺ ማን ይሰማሻል? ብትሮጪ መንገዱ ወዴት ያወጣሻል? በተለይ ግራና ቀኙ አጥር የሆነ ረጅም መተላለፊያ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ቁሙ፤ መግቢያና መውጫው ብቻ ነው ያለው፣ ሁለቱም ጋ ሰው ሊቆም ይችላል። ለከፋ የሚበዛበትንም ቦታ ምልክት አድርጉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ካይሮ ላይ የተጀመረው ሃራስማፕ የተባለ የካርታ አገልግሎት ሴቶች የደረሰባቸውን ትንኮሳ በስልክ መልእክት እንዲልኩና በካርታ ላይ እንዲታይ አድርጓል፤ "እዚህ ቦታ እንዲህ ያለ ነገር የለም" ለሚል ሰው ካርታ ጥሩ መልስ ነው።

አትነጣጠሉ፣ የት እንዳላችሁ የሚያውቅ ሰው ይኑር። ከሚላከፉት ጋር እሰጥ አገባ አትግጠሙ፣ የሰው ፊትም ፎቶ አታንሱ።

አራተኛ፣ አጻጻፉ ላይ ተጠንቀቁ

"መንገዱ ጨለማ ነው" የሚል ማመልከቻ ፋይል ውስጥ ይቀራል። "ከአውቶቡስ ማቆሚያው በስተቀኝ 3ኛው ምሰሶ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ አምፖሉ በርቷል፣ ቅርንጫፍ ሸፍኖታል፣ ቅርንጫፉ ይቆረጥ" የሚለው ግን ሠራተኛ ይዞት ሊወጣ የሚችል ጽሑፍ ነው። ቦታ፣ ሰዓት፣ ያያችሁት፣ እንዲደረግ የምትፈልጉት። የማን ኃላፊነት እንደሆነም አጣርታችሁ ጨምሩበት።

ሁሉም ነገር ግንባታ አይፈልግም። በካናዳዋ ሞንትሪያል ሴቶች ባነሱት ጥያቄ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በምሽት አውቶቡስ የተሳፈረች ሴት በሁለት ፌርማታዎች መካከል፣ ለቤቷ በሚቀርባት ቦታ መውረድ እንድትችል ተፈቅዷል። አንድ መመሪያ ብቻ ነው የተለወጠው።

ይህን የያዘውን ደብዳቤ ኃላፊነቱ ባለበት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፤ የገቢውን ቁጥርና ቀን በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ አስጽፉ።

ከመውጣታችሁ በፊት የሚዘጋጅ አንድ ነገር አለ

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓለም ላይ ከ3 ሴቶች አንዷ ገደማ በሕይወቷ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ይደርስባታል፤ አብዛኛውን ጊዜ አጥቂው የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛ ነው። መብራት ይህን አያቆመውም። ስለዚህ በቅኝቱ ላይ አንዷ ወደ ኋላ ቀርታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እኔን የሚያስፈራኝ መንገዱ ሳይሆን ቤቴ ነው" ልትላችሁ ትችላለች። እውነት ለመናገር፣ ከመብራቱ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ያቺ ሴት የምታገኘው መልስ ነው። "ለምን እስካሁን ዝም አልሽ?" አትበሏት። "አምንሻለሁ" በሏት፤ ስሟ በየትኛውም ወረቀት ላይ አይስፈር፣ ምን እንደሚደረግም የምትወስነው እሷ ናት።

የተደፈረች ከሆነ ግን ሰዓት ይቆጠራል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ድረስ ይሠራል። ለሕግ ማስረጃ እንዲሆን ከቻለች ከምርመራው በፊት ባትታጠብ ይመረጣል፤ የለበሰችው ልብስም ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፣ ፌስታል እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሻል። ግን ታጥባም ቢሆን ወደ ሕክምና ከመሄድ አትቅር። ሌሊት የሚሠራ የጤና ተቋም የት እንዳለ፣ ከለላ የሚሰጥ ማረፊያም ካለ ስልኩን አስቀድማችሁ ያዙ።

መጨረሻ፣ ተመለሱ

ደብዳቤው በገባ በወሩ፣ በዚያው ሰዓት፣ የመጀመሪያውን ወረቀት ይዛችሁ ያንኑ መስመር ሂዱበት። ለተስተካከለው ምልክት አድርጉና ያስተካከሉትን ሰዎች አመስግኑ። ያልተስተካከለውን ከነቀኑ ጻፉና በመጀመሪያው ገቢ ቁጥር ላይ ተመርኩዛችሁ ሁለተኛውን ደብዳቤ በዚያው ሳምንት አስገቡ።