የዴሲቤል ስሌት መልሱ ሲጣመም

የድምፅን ጥንካሬ በዴሲቤል የምናሰላበት ቀመር አጭር ነው፦ ዴሲቤል = 10 × ሎግ (ኢንቴንሲቲ ÷ 10⁻¹²)። ኢንቴንሲቲ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ የሚያልፈው የድምፅ ኃይል በዋት ነው፤ 10⁻¹² ደግሞ ጤነኛ ጆሮ ሊሰማው የሚችለው እጅግ ደካማ ድምፅ። ቀመሩን በቃላቸው የያዙ ተማሪዎች ሲሳሳቱ ሁልጊዜ አያለሁ። ደግነቱ፣ የተበላሸው መልስ ራሱ የት እንደተሳሳቱ ይናገራል።

ችግር፦ ሁለት ወፍጮ 180 ዴሲቤል ሆነ

ሁለት ወፍጮዎች እርስዎ በቆሙበት ቦታ ለየብቻቸው 90 ዴሲቤል ይሰማሉ እንበል። አብረው ሲፈጩ 180 ይሆናል? እስቲ 180ን ወደ ኢንቴንሲቲ ይመልሱት፤ በካሬ ሜትር 1,000,000 ዋት ይወጣል! የአንዱ ወፍጮ ግን 10⁻³፣ የዋት አንድ ሺኛ ብቻ ነበር።

ምክንያቱ፦ ዴሲቤል በሎጋሪዝም የተገኘ ቁጥር ነው፤ ሎጋሪዝም ሲደመር ደግሞ ከሥሩ ያሉት ቁጥሮች ይባዛሉ። ወፍጮዎቹ ግን ድምፃቸውን ይደምራሉ እንጂ አያባዙም።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ወደ ኢንቴንሲቲ ይመለሱ፣ እዚያ ይደምሩ፣ ከዚያ ሎጉን ይውሰዱ። 2 × 10⁻³ ለ10⁻¹² ሲካፈል 2 × 10⁹ ነው። የ2 ሎግ 0.3 ገደማ ስለሆነ የሁሉም ሎግ 9.3፣ መልሱ 93 ዴሲቤል። የጨመረው 3 ብቻ ነው። አሥር ወፍጮ ቢሆን እንኳ ከ100 አያልፍም። እዚህ ላይ ረጋ ብለው ይቆዩ፤ ይህ ከገባዎት የቀረው የካልኩሌተር ጉዳይ ነው።

ችግር፦ 60 መሆን ሲገባው 138 መጣ

የተለመደ ንግግር 10⁻⁶ አካባቢ ነው፤ መልሱ 60። 138 ግን ጆሮ የሚያሳምም ድምፅ ነው። የተጫኑት ኤል ኤን (ln፣ መሠረቱ 10 ያልሆነ ሎጋሪዝም) የሚለውን ቁልፍ ነው፤ እሱ ሁሉንም በ2.3 እጥፍ ያሳብጠዋል። ሎግ (log፣ መሠረቱ 10 የሆነው) የሚለውን ይጫኑ።

ችግር፦ −6 × 10¹³ የሚል ግዙፍ ቁጥር

ቅንፍ ረስተዋል። ካልኩሌተሩ የ10⁻⁶ን ሎግ ብቻ ወስዶ ነው ያካፈለው።

ችግር፦ −60

ክፍልፋዩ ተገልብጧል፤ 10⁻¹² ከታች ይሁን። ነገር ግን እንደ −3 ያለ መልስ ሲያገኙ ቸኩለው አይሰርዙ። ድምፁ ከ10⁻¹² በታች ከሆነ ትክክል ነው።

ችግር፦ መልሱ በግማሽ አነሰ

ጥያቄው የሰጠዎት ኢንቴንሲቲ ሳይሆን ግፊት፣ በፓስካል ነው። ኢንቴንሲቲ ከግፊት ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ ያ 2 ከሎጉ ፊት ይወጣና 10 የነበረው 20 ይሆናል። መነሻውም 20 ማይክሮፓስካል ነው። 0.02 ፓስካል ለዚህ ሲካፈል 1,000፤ ሎጉ 3፤ 20 × 3 = 60 ዴሲቤል።