ሳተላይት ያየው ሁሉ ባሕር አይደለም፦ የባሕር ሥነ ምህዳር ሞዴል ሲሠራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የባሕርን ሕይወት በኮምፒውተር የሚያሰላው ሞዴልና ከባሕሩ የተወሰደው ልኬት አልገጥም ሲሉ ጥፋቱ ሁሌ በሞዴሉ ይላከካል። እስቲ መሣሪያው ምን እንዳየ መጀመሪያ እንጠይቅ።

ከሁሉ የሚከፋው የላዩን አይቶ ስለ ታችኛው መፍረድ ነው። ሳተላይት የሚያነበው ከውሃው ተመልሶ የሚወጣውን ብርሃን ነው፤ ክሎሮፊልን፣ ማለትም የዕፅዋትን አረንጓዴ ቀለም፣ የሚገምተውም ከዚያ ነው። በጣም በጠራ ውቅያኖስ እንኳ የሚያየው የላይኛዎቹን ጥቂት አሥር ሜትሮች ነው፤ ውሃው ከደፈረሰ አንድ ሁለት ሜትር ቢያይ ነው። በሞቃታማ ውቅያኖሶች መሀል ግን ክሎሮፊል በብዛት የሚገኘው 100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በሳተላይት ምስል ብቻ የተስተካከለ ሞዴል ላዩ አምሮ ውስጡ ሊበላሽ ይችላል። እዚህ ላይ የሚደርስልን የአርጎ ተንሳፋፊ ነው፤ በውቅያኖስ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ የሚለካ ሰው አልባ መሣሪያ ነው። የባዮኬሚካሉ ዓይነት በ10 ቀን አንዴ ገደማ ከ2,000 ሜትር ወደ ላይ እየወጣ ኦክስጅን፣ ናይትሬት (የባሕር ዕፅዋት የሚመገቡት ንጥረ ነገር) እና ክሎሮፊል ይለካል። እሱም አመል አለው፤ በጠራራ ፀሐይ የላይኛውን ውሃ ክሎሮፊል አሳንሶ ይናገራል። ሳያርሙት መጠቀም አንዱን ስህተት በሌላ መለወጥ ነው።

ክሎሮፊልን እንደ ፋይቶፕላንክተን (በውሃው የሚንሳፈፉ ደቃቅ ዕፅዋት) ብዛት መቁጠርም አለ። ብርሃን ያነሰው ሴል ክሎሮፊሉን ይጨምራል፤ ሳይባዛ የበዛ ይመስላል። ያ የ100 ሜትሩ ክምችት እንኳ በከፊል የዚህ ውጤት ነው። ስለዚህ የካርቦንና የክሎሮፊል ምጣኔን ቋሚ አድርጎ መተው አያዋጣም።

ዳርቻ ላይ ደግሞ ወንዝ ያመጣው ደለል ሳተላይቱን ይሸውደዋል። ለክፍት ውቅያኖስ የተሠራውን ቀመር እዚያ አይጠቀሙ።

አንድ ጠርሙስ ውሃ የአንዲት ነጥብ፣ የአንዲት ደቂቃ ምስክር ነው። ሞዴሉ ባሕሩን ከሚከፋፍልባቸው ሳጥኖች አንዱ ግን 25 ኪሎ ሜትር ሊሰፋ ይችላል። የሁለቱን ልዩነት በሙሉ የሞዴል ስህተት ማለት ግፍ ነው።

ብዙ ሰው የሚንሸራተተው ግን ሞዴሉን ለማረም የተለካውን ዳታ ውስጡ ሲያስገባ ነው። ክሎሮፊሉን አርመው ናይትሬቱን እንዳለ ከተዉት ሞዴሉ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ድሮ ጠባዩ ይመለሳል። ምድር ወገብ አካባቢ ያለው ጣጣ ይብሳል። የሙቀትና የጨዋማነት ዳታ ሲገባ ሞዴሉ በእውኑ ባሕር የሌለ ሽቅብ ፍሰት ሊፈጥር ይችላል። ፍሰቱ ናይትሬት ይዞ ይወጣል፣ ፋይቶፕላንክተኑም ያለ ቦታው ይፈላል። ፊዚክሱን አሻሻልኩ ያለ ሰው ባዮሎጂው ይበላሽበታል። ፊዚክሱን ካረሙ በኋላ መጀመሪያ ማየት ያለብዎት የናይትሬቱን ካርታ ነው።

የመጨረሻው፣ ያስገቡትን ዳታ መልሶ መፈተኛ ማድረግ ነው። መልሱን ይዞ ፈተና መግባት በሉት። ሥራውን ሲጀምሩ ጥቂት ተንሳፋፊዎችን ለይተው ያስቀምጡ፤ ሞዴሉ እስኪያልቅ አይንኳቸው።