አዲስ የድህረ ምረቃ ተማሪዎች በኦረንቴሽንና በመሰናዶ ኮርስ ወቅት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ የሚጀምር ሰው ከመደበኛው ትምህርት በፊት ኦረንቴሽንና የመሰናዶ ኮርስ እንዳለ ይነገረዋል። ብዙው ሰው እንደ ፎርማሊቲ ያየዋል። እኔን የሚያሳዝነኝ የዚህ ጊዜ መባከን ነው። «አላውቅም፣ አስረዱኝ» ማለት የሚቀለው ያኔ ነው። ሦስተኛው ወር ላይ ያው ጥያቄ አፍ ላይ ይከብዳል። ከእናንተ በቀር ሁሉም ያወቀ ይመስላችኋል።

«የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ አይቼዋለሁ» ብሎ መቅረት

ያኔ ያያችሁት ክፍሉ የት እንዳለ፣ መታወቂያ የት እንደሚወጣ ነው። የድህረ ምረቃው ሌላ ነው። አማካሪ መቼ እንደሚመደብ፣ ፕሮፖዛል መቼ እንደሚቀርብ፣ ከስንት ውጤት በታች ማስጠንቀቂያ እንደሚያመጣ፣ ትምህርቱ ቢበዛ በስንት ዓመት ማለቅ እንዳለበት የሚነገረው እዚያ ነው። መመሪያውን ደግሞ ራሳችሁ አንብቡት። ቀኖቹን ያኔውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

የመሰናዶ ኮርሱን «ውጤት አይያዝበትም» ብሎ መናቅ

ኢኮኖሚክስ ወይም ዳታ ሳይንስ ለሚገቡ ብዙ ጊዜ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና ፕሮባቢሊቲ ይከለስላቸዋል። መደበኛው ኮርስ ሲጀመር መምህሩ ወደ ኋላ አይመለስም። ይህን ታውቃላችሁ ብሎ ነው የሚነሳው። ለዓመታት ሥራ ላይ ቆይቶ ለተመለሰ ሰው ደግሞ ክለሳው የግድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የተሠራ መልስ እያዩ «ገብቶኛል» ማለት። ዓይን ስለለመደው ብቻ የገባን ይመስለናል። ማስታወሻውን ዝጉ፣ ባዶ ወረቀት ያዙ፣ ያንኑ ጥያቄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሥሩት። እጃችሁ ቀጥ ያለበትን መስመር አስምሩበት። መጠናት ያለበት እሱ ነው፤ የምታውቁትን ምዕራፍ እንደገና ማንበብ ጊዜ ይበላል።

«ሪፈረንሱን በኋላ አስተካክለዋለሁ» ማለት

ያነበባችሁትን መዝግቦ የሚይዝ ሶፍትዌር የሚለመደው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ዞተሮ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነፃ አለ። ሜንዴሌይም አለ። የትኛውንም ምረጡ፣ ግን አሁን ጀምሩ። ሳትመዘግቡ ከቀራችሁ፣ ከዓመት በኋላ ማስታወሻችሁ ላይ አንድ ግሩም ሐሳብ ታገኛላችሁ፤ የማን እንደሆነና ከየትኛው ገጽ እንደመጣ ግን የለም። ያን ፍለጋ ሌሊቱ ያልቃል፣ አንዳንዴም ሐሳቡን መተው ይመጣል።

ቃል ስለቀየሩ ብቻ «አልገለበጥኩም» ብሎ ማሰብ

ይህኛው ሰው ያስባርራል፣ ስለዚህ ቆም ብለን እንየው። አንድ ጽሑፍ እንዲህ ይላል እንበል፦ «እንቅልፍ ያጣ ተማሪ ትናንት የተማረውን ለማስታወስ ይቸገራል።» አንዱ ተማሪ እንዲህ ይጽፈዋል፦ «በቂ እንቅልፍ ያላገኘ ተማሪ ትናንት ያጠናውን ማስታወስ ያዳግተዋል።» ቃላቱ ተለውጠዋል፣ አረፍተ ነገሩ ግን ያው ነው። ምንጩ ካልተጠቀሰ ስርቆት ነው። ቢጠቀስም እንኳ ብዙ መምህር አይቀበለውም።

የሚሻለው አንብቦ መዝጋት ነው። ያነበባችሁትን ለአንድ ሰው እንደምትነግሩ አድርጋችሁ በራሳችሁ አነጋገር ጻፉት። ከዚያ ከዋናው ጋር አመሳክሩ፣ ምንጩንም ጥቀሱ። ጽሑፋችሁ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል የሚያሳየው ሶፍትዌር ተርንኢቲን የሚሰጠው ፐርሰንት ብቻውን ፍርድ አይደለም። በትእምርተ ጥቅስ የገባውንና የዋቢ ዝርዝሩን ሊቆጥር ይችላል፤ ዝቅ ያለ ቁጥርም ነፃ አያወጣም። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን መጠቀም ይፈቀድ እንደሆነ ለየኮርሱ ለየብቻ ጠይቁ። ደንቡ ከመምህር መምህር ይለያያል።

የምርምር ሥነ ምግባሩን ሥልጠና መዝለል

ሰውን ቃለ መጠይቅ የምታደርጉ፣ መጠይቅ የምትበትኑ ወይም የሕክምና መዝገብ የምታዩ ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ መገኘት ያለበት መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ነው። ከተሰበሰበ በኋላ የሚሰጥ ኮሚቴ አታገኙም ማለት ይቻላል፤ የደከማችሁበት መረጃ ውድቅ ሊሆን ነው። በሕክምና ምርምር የሄልሲንኪ መግለጫ (የዓለም የሕክምና ማኅበር የምርምር ሥነ ምግባር መርሆች) ከወጣ ከ1964 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሳታፊው ፈቃድ ዋና ጉዳይ ነው። ኮሚቴው የሚፈልገውን ፎርም በኦረንቴሽኑ ጊዜ ውሰዱ፣ መልስ ለማግኘት ስንት ሳምንት እንደሚፈጅም ጠይቁ።

ሥራን አንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ማስቀመጥ

ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ኦንላይን ማስቀመጥ ለሦስተኛው ይበቃል።

አማካሪው እስኪጠራ መጠበቅ

ዝም ብሎ መጠበቅ ጨዋነት ይመስላል። አማካሪው ግን ሌሎች ተማሪዎችም አሉት፤ ዝምታችሁን «ደህና ነው» ብሎ ነው የሚተረጉመው። አጭር ኢሜይል ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ሴሚስተር በእርስዎ አማካሪነት የተመደብኩ ተማሪ ነኝ። ያሰብኩትን ርዕስ በአንድ ገጽ አያይዤ ልኬያለሁ። በሚመችዎት ቀን 20 ደቂቃ ሊሰጡኝ ይችላሉ?»

ስትገናኙ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በየስንት ጊዜው እንገናኝ፣ ረቂቅ ሳቀርብ በስንት ቀን አስተያየት ልጠብቅ፣ ኢሜይል ነው ስልክ የሚቀናዎት? መልሱን ያን ቀን ማታ ጽፋችሁ ላኩላቸው፤ የተሳሳተ ካለ ያርሙታል።