በጨርቅ የታተመ የተፈጥሮ ፎቶ በድሬ ግድግዳ ላይ፦ ችግርና መፍትሄ

ስልክ ላይ ጥርት ያለው ፎቶ ጨርቅ ላይ ሲወጣ ደበዘዘ

ከባቢሌ አለፍ ብሎ ዳከታ ሸለቆ ውስጥ ተደራርበው የቆሙትን ድንጋዮች አንስቼ ለማተሚያ ቤት በቴሌግራም ላክሁ። 1 ሜትር ከ50 ሆኖ ሲመጣ ድንጋዩ ከቁጥቋጦው አይለይም። ልጣላቸው ሄጄ ጥፋቱ የራሴ ሆኖ ተገኘ። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል በተለመደው አሠራሩ ረጅሙን ጎን ወደ 1,280 ፒክሰል ያወርደዋል። ያ በ150 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲዘረጋ ለአንድ ሴንቲ ሜትር 9 ፒክሰል እንኳ አይደርስም፤ 40 አካባቢ ቢሆን ነው ጥሩ የሚወጣው። የ12 ሜጋፒክሰል ስልክ በርዝመቱ 4,000 ፒክሰል ይሰጣል፣ ለ1 ሜትር ጨርቅ ይበቃል። እና በ«ፋይል» ላኩት፣ ወይ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ።

ወራት ሳይቆይ ወደ ሰማያዊ አደላ

መንገድ ዳር የከረመ ባነር ሰማያዊ ብቻ ሆኖ ሲቀር አይታችሁ የለ? ፀሐይ ቀዩንና ቢጫውን ቀድማ ስለምትበላው ነው። የድሬ የከሰዓት ፀሐይ ደግሞ በምዕራብ መስኮት ገብታ ሳሎን ውስጥም ያንኑ ታደርጋለች። ከመስቀላችሁ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ግድግዳውን ታዘቡት። ጨረሯ የሚያርፍበት ከሆነ ሌላ ግድግዳ ፈልጉ፤ የሄደ ቀለም አይመለስም።

ያብለጨልጫል፣ ይሸታል

የሰጧችሁ የማስታወቂያ ባነር ነው፣ ጨርቅ አይደለም። ስታዙ «ፖሊስተር ጨርቅ» በሉና ቁራጩን በእጃችሁ ዳስሱ።

መሃሉ ረገበ

አራቱን ጥግ በሚስማር መትታችሁት ይሆናል። ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳችሁ ላይና ታቹን አጥፎ ይስፋላችሁ፤ በሁለቱም እጥፋት የመጋረጃ ዘንግ አስገቡ። የታችኛው በክብደቱ ወጥሮ ይይዘዋል። በእንጨት ፍሬም የምትወጥሩ ከሆነ ከመሃል ጀምሩ፣ ተቃራኒ ጎኖችን እያፈራረቃችሁ ወደ ጥግ ሂዱ። ከጥግ የጀመረ መጨረሻ ላይ እጥፋት ይቀረዋል። መጨማደዱን በቀዝቀዝ ያለ ካውያ፣ ከጀርባው በኩል ብቻ አስተካክሉት።

አቧራ ጠጣ

በእርጥብ ጨርቅ አትወልውሉት፣ አቧራው ጭቃ ሆኖ ይገባበታል። አውርዳችሁ ውጭ አራግፉት። ሐረር ጀጎል ያላችሁ ግን፣ ስፌቱና ሳህኑ ባጌጠው ግድግዳ ላይ ባትሰቅሉት እመርጣለሁ፤ መተላለፊያው ይሻለዋል።